ስለ ወንዝ ሙላት ሒሳብና ስለ ጊዜ አከፋፈሉ

በወንዝ ዳር ድልድይ ለመሥራት፥ ክትር ለማቆም፥ የመስኖ ቦይ ለመቅደድ፥ ወይም ሕዝብን ከሙላት ስፍራ ለማስነሣት በታሰበ ጊዜ፥ ከመሐንዲሶች ዘንድ ወደ አገር ገዥው ጽሕፈት ቤት አንድ የተጠረዘ ወረቀት ይመጣል። በወረቀቱም ውስጥ «በዚህ ቦታ ውኃው እስከዚህ ድረስ ከፍ ይላል፤ ከላይ ከዘነበ በኋላም በዚህን ያህል ሰዓት ይደርሳል» የሚል ቃል ከሥዕልና ከሠንጠረዥ ጋራ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቃል የተገኘው በወንዙ ዳር ቆሞ በማየት አይደለም። ኮምፒዩተር በሚባለው የሒሳብ መኪና ውስጥ የወንዙ አምሳል በቍጥር ተሠርቶ፥ ውኃውም በቍጥር እንዲፈስ ተደርጎ የተገኘ ነው። በወረቀቱ ላይ ፊርማውን የሚያኖረው፥ በኋላም ጕዳት ቢደርስ የሚጠየቀው ሹሙ ስለ ሆነ፥ ያ ቍጥር ከየት እንደ መጣ በመጠኑ ማወቅ ይገባዋል። ሁሉን ማወቅ የመሐንዲሱ ፋንታ ነው። ነገር ግን ስሕተት በስውር የሚገባበት፥ ደግሞም በቀላሉ ሊጠየቅ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሒሳቡ ጊዜን በስንት በስንት እየቈረጠ እንደሚሄድ ነው። ይህን ከፍ ያለ ሒሳብ ያልተማረ ሰው እንኳ ሊያስተውለው ይችላል።

እውነተኛው ወንዝ ሳያቋርጥ ይፈሳል። የሒሳብ መኪና ግን የማያቋርጥ ነገር መቍጠር አይሆንለትም። ስለዚህ መሐንዲሱ ወንዙን በርዝመቱ ይከፋፍለዋል፤ ለምሳሌ በየ500 ሜትሩ ክፍል ክፍል ያደርገዋል። ጊዜውንም እንደዚሁ በየሴኮንዱ፥ በየደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ይቈርጠዋል። ይህ የጊዜ ቍራጭ የጊዜ እርምጃ ይባላል። መኪናው በእርምጃው መጀመሪያ ላይ በየክፍሉ ያለውን ውኃ ይመለከታል፤ ከላይ ስንት እንደሚገባ፥ ወደ ታች ስንት እንደሚወጣ ያሰላል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው እርምጃ ይዘላል። በሁለቱ መካከል የሆነውን አያይም። ውኃ በወንዝና በቦይ ውስጥ የሚሄድበትን ሕግ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ባሬ ደ ሴን ቬናን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1871 ጽፎት ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚሠራበት እርሱ ነው። ነገር ግን የወንዝ ቅርጽ እንደ ተፈጥሮው ጠማማና የማይመሳሰል ስለ ሆነ ሕጉን በብዕር ፈትቶ መጨረስ አልተቻለም፤ እንዲህ እየቈራረጡ ማስላት የግድ ሆነ።

ነገሩን በበጅሮንድ ሥራ መመሰል ይቻላል። አንድ በጅሮንድ «በካዝናው ውስጥ ባለው ገንዘብ ልክ ክፈል፤ ብዙ ሲኖር ብዙ፥ ጥቂት ሲኖር ጥቂት» ተብሎ ታዘዘ እንበል። በየቀኑ ካዝናውን ከፍቶ የሚቈጥር ከሆነ፥ ገንዘቡ እያነሰ ሲሄድ ክፍያውም አብሮ እያነሰ ይሄዳል፤ ካዝናውም ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። ነገር ግን በወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ቈጥሮ፥ በመጀመሪያው ቀን ባየው ብዛት ወሩን ሁሉ ቢከፍል፥ ከወሩ እኩሌታ በፊት ገንዘቡን ጨርሶ በዕዳ ላይ ይወድቃል። ትእዛዙ አልተለወጠም፤ ያጠፋው ሳይቈጥር የቆየበት ጊዜ ርዝመት ነው። ሰው ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፤ ኵሬ ግን የውኃ ዕዳ የለበትም።

ይህንኑ በቍጥር ለማየት፥ 1000 ሜትር ኩብ ውኃ የያዘች አንዲት ኵሬ ከታች መውጫ አላት እንበል። የመውጫዋ ኀይል በሰዓት ሲታሰብ በዚያች ቅጽበት በኵሬዋ ካለው ውኃ በእኩሌታው ልክ ነው። 1000 ሲኖር በሰዓት 500 ልክ ይፈሳል፤ ውኃው 600 በደረሰ ጊዜ በሰዓት 300 ልክ ይፈሳል፤ እንዲህ እያነሰ ይሄዳል። ትክክለኛው ሕግ እንደሚያሳየው ከአንድ ሰዓት በኋላ 607፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ 368፥ ከአራት ሰዓት በኋላ 135 ሜትር ኩብ ይቀራል።

አሁን መኪናው በየ10 ደቂቃው እየተራመደ ቢያሰላ፥ ከአንድ ሰዓት በኋላ 593 ያገኛል፤ ለእውነቱ ቅርብ ነው። በየ30 ደቂቃው ቢራመድ 562 ተኩል፥ በየሰዓቱ ቢራመድ 500 ያገኛል። እርምጃው ሁለት ሰዓት ቢሆን ኵሬዋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፈጽማ ደረቀች ይላል፤ በእውነቱ ግን 368 ሜትር ኩብ አለባት። ሦስት ሰዓት ቢሆን በመጀመሪያው እርምጃ 1500 አውጥቶ በኵሬዋ ከባዶ በታች 500 ቀረ ይላል፤ በሁለተኛው እርምጃ ደግሞ ውኃው በመውጫው ወደ ኋላ ተመልሶ ገብቶ 250 ሆነ ይላል። አራት ሰዓት ቢሆን 1000፥ ከባዶ በታች 1000፥ እንደ ገና 1000 እያለ ያለ ዕረፍት ይዋልላል። አምስት ሰዓት ቢሆን ከባዶ በታች 1500፥ ቀጥሎ ከባዶ በላይ 2250፥ ቀጥሎ ከባዶ በታች 3375 እያለ እያበጠ ይሄዳል፤ በትንሿ ኵሬ ውስጥ የነበረውን ውኃ ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኵሬዋም መውጫዋም ሕጉም አልተለወጡም። የተለወጠው የእርምጃው ርዝመት ብቻ ነው።

ከእነዚህ ስሕተቶች ውስጥ የሚያስፈራው የትኛው ነው ቢባል፥ ያበጠው አይደለም። ሒሳቡ ሲያብጥ ወንዙ በአንድ ደቂቃ ተራራ አክሎ በሚቀጥለው ደቂቃ ከመሬት በታች ይገባል፤ ወይም መኪናው ራሱ ሥራውን አቋርጦ ይቆማል፤ ይህን ያየ ሰው ሁሉ መበላሸቱን ያውቃል። የሚያስፈራው በየሰዓቱ ተራምዶ በ607 ፈንታ 500 ያለው ነው። ቍጥሩ መልካም ይመስላል፤ ሥዕሉም ያምራል፤ ምንም የሕመም ምልክት የለበትም። ከዚህም በላይ ስሕተቱ በየእርምጃው እየተደረበ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሰዓት ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል የጐደለው ሒሳብ ከአራት ሰዓት በኋላ 135 በሚባለው ፈንታ 62 ተኩል ይላል፤ ከእኩሌታ በላይ ጐደለ ማለት ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ ይህን ከባሕረ ሐሳብ ያውቀዋል። ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ ዓመቱም 365 ዕለት ካለቀ በኋላ የሚተርፈው 15 ኬክሮስ ያህል ነው። 15 ኬክሮስ ከስድስት ሰዓት አይበልጥም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም አይመለከተውም። ነገር ግን በየአራቱ ዓመት ጳጕሜን 6 እየተባለ ባይሰበሰብ ኖሮ በ120 ዓመት ውስጥ 30 ቀን ስለሚሆን፥ የመስቀል በዓል ከአደይ አበባ ወጥቶ ወደ ነሐሴ ዝናብ በተመለሰ ነበር።

እንግዲህ እርምጃው ከስንት መብለጥ የለበትም ለሚለው ጥያቄ ሕግ ያወጡለት ሪቻርድ ኩራንት፥ ኩርት ፍሪድሪክስና ሐንስ ሌዊ የሚባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። ጽሑፋቸው በ1928 በጀርመን አገር የሒሳብ መጽሔት ታተመ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ስላልነበረ ሐሳባቸው ስለ ወንዝ ሙላት አልነበረም፤ የሒሳብን ረቂቅ ጥያቄ ለመፍታት የጻፉት ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ለመሐንዲስ ሁሉ የዕለት ሕግ ሆነ።

ሕጉ ሲተረጐም እንዲህ ነው። በሒሳቡ ውስጥ እያንዳንዱ የወንዝ ክፍል በአንድ እርምጃ ጊዜ ወሬ የሚሰማው ከጎረቤቱ ክፍል ብቻ ነው። በእውነተኛው ወንዝ ውስጥ ግን የሙላት ወሬ የራሱ ፍጥነት አለው። በአንዱ እርምጃ ጊዜ ውስጥ እውነተኛው ወሬ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል አልፎ ከሄደ፥ በታች ያለው ክፍል ሳይነገረው ውኃው ደረሰበት ማለት ነው፤ ሒሳቡም ይታወካል። የወረዳ ሹም ከሚቀጥለው ወረዳ ብቻ በቀን አንድ ጊዜ መልእክተኛ እየተቀበለ፥ ጠላት ግን በቀን ሦስት ወረዳ የሚያቋርጥ ቢሆን፥ መልእክቱ ሁልጊዜ ከጠላቱ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ እርምጃ ጊዜ ወሬው ከአንድ ክፍል ርዝመት በላይ መሄድ የለበትም።

የወሬው ፍጥነት በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው እንጨት የሚሄድበት ፍጥነት ብቻ አይደለም። ድንጋይ በውኃ ላይ ሲጣል ክብ ሞገድ እንደሚወጣ፥ በወንዝም ላይ ሞገድ ከውኃው ፍጥነት በላይ ይሮጣል። የሞገዱ ፍጥነት የውኃው ጥልቀት በሜትር ተለክቶ በ9.81 ሲባዛና ከዚያ ካሬ ሥሩ ሲወሰድ የሚገኘው ነው፤ በዚህ ላይ የውኃው የራሱ ፍጥነት ይደመራል። ወንዙ አንድ ሜትር ጥልቀት ኖሮት በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ፥ ወሬው በሴኮንድ 3.6 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 500 ሜትሩን ክፍል ለማለፍ 138 ሴኮንድ ይበቃዋል። ወንዙ ሞልቶ 4 ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል ቢሄድ፥ ወሬው በሴኮንድ 7.8 ሜትር ያህል ሄዶ ክፍሉን በ64 ሴኮንድ ያልፈዋል። 9 ሜትር ጥልቀትና በሴኮንድ 2 ሜትር ፍጥነት ቢኖረው ደግሞ 44 ሴኮንድ ይሆናል።

በዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባ አንድ ነገር አለ። መሐንዲሱ 60 ሴኮንድ የሆነ እርምጃ መርጦ በጥርና በየካቲት በነበረው ውኃ ሒሳቡን ቢፈትነው፥ ሒሳቡ በደኅና ይሄዳል። በሐምሌ መካከለኛ ሙላትም ቢፈትነው በጭንቅ ያልፋል። ታላቁ ሙላት በመጣ ጊዜ ግን፥ ይኸውም ሒሳቡ የተሠራለት ጕዳይ በደረሰ ጊዜ፥ እርምጃው ከልኩ ስላለፈ ሒሳቡ ይታወካል። ስለዚህ እርምጃ የሚመረጠው በሚጠበቀው ከፍተኛ ሙላት ልክ እንጂ ወንዙ በተሻገረበት ቀን በታየው ውኃ ልክ መሆን የለበትም። ዛሬ ብዙዎቹ የሒሳብ መኪና ፕሮግራሞች ውኃው ሲጠልቅ እርምጃቸውን በገዛ ራሳቸው እንዲያሳጥሩ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሥራው እንዲፋጠን ብሎ «ከዚህ በታች አታሳጥር» የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መሐንዲሶች እርምጃውን ለማስረዘም የሚወዱበት ምክንያት ስንፍና ብቻ ነው ማለት አይገባም። ወንዙን በየ500 ሜትሩ ከመክፈል በየ250 ሜትሩ ቢከፍሉት ክፍሎቹ ሁለት እጥፍ ይሆናሉ፤ ክፍሉ ስላጠረም እርምጃው በእኩሌታ መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል። ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ በሜዳ ላይ የተዘረጋ እንደ ሆነና ሜዳውም በርዝመትና በወርድ የተከፋፈለ እንደ ሆነ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የሙላት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሒሳቡ ውኃው ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት፤ ከሙላቱ በኋላ የሚያልቅ ሒሳብ ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለሹም አይጠቅምም።

ወንዝን በኮምፒዩተር በማስላት የቀደሙት ስቶከር፥ አይዛክሰንና ትሮሽ የተባሉት የኒው ዮርክ ሰዎች ናቸው። ከላይ የተነገረው ኩራንት ከጀርመን ወጥቶ ያቋቋመው የሒሳብ ቤት በዚያው ነበር። እነርሱም በ1950ዎቹ ዓመታት ዩኒቫክ በተባለው መኪና በአሜሪካ አገር የኦሃዮ ወንዝን የ1945ና የ1948 ሙላት አሰሉ። ሙላቶቹ ያለፉ ነበሩ፤ ያሰሏቸውም በወንዙ ዳር ያሉ ሰዎች ከፍታውን በየጊዜው መዝግበው ስለ ነበረ ሒሳቡን ከመዝገቡ ጋራ ለማስተያየት ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ሒሳቡ ልክ ይሁን ወይም አይሁን የሚነግራቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እርምጃውን ለማስረዘም ሌላ መንገድ ተገኘ። በ1961 ፕሬይስማን የተባለ በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ የሚሠራ ሊቅ፥ የሚወጣው ውኃ በእርምጃው መጀመሪያ ባለው ሳይሆን በእርምጃው መጨረሻ ሊቀር ባለው ውኃ ጭምር የሚወሰንበትን አሠራር አወጣ። በጅሮንዱ «ዛሬ ባለኝ ልክ እከፍላለሁ» በማለት ፈንታ «ከከፈልሁ በኋላ በሚቀረኝ ልክ እከፍላለሁ» እንደሚል ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ በጅሮንድ ከቶ በዕዳ አይወድቅም። በዚህም ዐይነት የተሠራ ሒሳብ እርምጃው ቢረዝምም አያብጥም። በ1960ዎቹ የሜኮንግ ወንዝ ዴልታ በዚህ ስልት በሒሳብ መኪና ተሰላ፤ የሜኮንግ ሙላት ለወራት የሚቆይ ስለ ሆነ ረጅሙ እርምጃ ተስማማው።

ነገር ግን አያብጥም ማለት አይሳሳትም ማለት አይደለም። ያችኑ ኵሬ በመጨረሻው ውኃ ልክ ብቻ በአምስት ሰዓት እርምጃ ብናሰላት 286 ሜትር ኩብ ቀረ ይላል፤ እውነተኛው 82 ነው። ከባዶ በታች አልወረደም፤ አልተዋለለም፤ ሆኖም ከሦስት እጥፍ በላይ ተሳስቷል። በወንዝ ላይ ይህ ስሕተት የሚታየው የሙላቱ ጫፍ ዝቅ ብሎና በጊዜ ተዘርግቶ ነው። ለሁለት ሰዓት ብቻ የቆመው ከፍተኛ ውኃ በወረቀቱ ላይ ለስምንት ሰዓት የቆየ መካከለኛ ውኃ ይሆናል። ይህን ወረቀት ያየ ሹም ወንዙ ገራም ነው ብሎ ክትሩን ያሳጥራል፤ ድልድዩንም ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ «ሒሳቡ አልታወከም» የሚል ምስክርነት ለብቻው አይበቃም።

እርምጃው ከወንዙ ጠባይ ጋራ መመዛዘን እንዳለበት የኢትዮጵያ ወንዞች ራሳቸው ያስተምራሉ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት፥ በዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖረው የደቻቱ ወንዝ ከተራራው በወረደ ደራሽ ውኃ ሞልቶ በድሬ ዳዋ ከተማ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አጠገብ ከዳርቻው ወጥቶ በዳሰነች አገር ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሁለቱ ጕዳት ተመሳሳይ ቢሆንም የሁለቱ ውኃ ጠባይ የተለየ ነው። ኦሞ ከደጋው ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ታላቅ ወንዝ ነው፤ ሙላቱ በቀናት ይሰበሰባል፤ ከላይ ያለው ሰው ለታች ሰው ለመንገር ጊዜ አለው። የደቻቱ ውኃ ግን ከዝናቡ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልፋል።

እንደ ደቻቱ ያለውን ውኃ በቀን እርምጃ ለማስላት ቢሞከር ምን እንደሚሆን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ደረቅ ወንዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከባዶ ተነሥቶ በሴኮንድ 300 ሜትር ኩብ ደረሰ፥ በሁለት ሰዓትም ውስጥ ተመልሶ ባዶ ሆነ እንበል። በሦስቱ ሰዓት ያለፈው ውኃ ሁሉ 1,620,000 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ውኃ የቀኑ እርምጃ በ24 ሰዓት ላይ ሲያካፍለው በሴኮንድ 19 ሜትር ኩብ አይሞላም። የውኃው ብዛት በመዝገብ ላይ አልጠፋም፤ ገቢና ወጪው ይተካከላል፤ መርማሪም ቢመጣ ጕድለት አያገኝም። ነገር ግን 300 ያለፈበትን ቦታ 19 አለፈበት ብሎ ድልድይ የሠራ ሰው ድልድዩን በአንድ ሌሊት ያጣዋል። እንደዚህ ላለው ውኃ ዝናቡ ራሱ በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው መለካት አለበት። ዝናብ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በሚለካበት ጣቢያ መዝገብ ላይ የሴኮንድ እርምጃ ቢጨመርበት ጥቅም የለውም፤ በቀን አንድ ጊዜ የተነገረን ወሬ በየሴኮንዱ መደጋገም ይሆናል።

በአንጻሩ የጣናን ሐይቅ የሚያሰላ ሰው እንዲህ መጨነቅ አያስፈልገውም። ሐይቁ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው የክረምቱን ዝናብ ሁሉ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይለቀዋል፤ ከፍታው በአንድ ቀን ውስጥ የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ የቀን እርምጃ ይበቃዋል። ከዚሁ ሐይቅ በታች ግን የግድብ በር በ15 ደቂቃ ውስጥ ቢከፈትና ውኃው ወደ ዐባይ ቢለቀቅ፥ የዚያን ሞገድ አካሄድ በቀን እርምጃ ማግኘት አይቻልም። በአዋሽ ላይ ከቆቃ ግድብ በታች ላሉት እርሻዎችም ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ለአንድ ወንዝ አንድ እርምጃ ብሎ መወሰን አይገባም፤ ለሚጠየቀው ጥያቄ የሚስማማው እርምጃ ይመረጣል።

ከዚህ የተነሣ «እንግዲያስ እርምጃውን ሁልጊዜ እጅግ ማሳጠር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ሁልጊዜ አይሠራም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ በሙስኪንገም ወንዝ ላይ ተጀምሮ በስሙ የሚጠራ፥ ቀላል ስለ ሆነም እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ስልት አለ። በዚህ ስልት የወንዙ ርዝመት በውኃው መጓዣ ሰዓት ይነገራል። ውኃው ክፍሉን ለማለፍ 12 ሰዓት የሚፈጅበት ቢሆንና መሐንዲሱ ለትክክለኛነት ብሎ የአንድ ሰዓት እርምጃ ቢወስድ፥ እንደ ወንዙ ጠባይ፥ ከላይ ሙላት በገባ ጊዜ በታች ያለው ውኃ መጀመሪያ ዝቅ አለ የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። ከላይ የገባው 100 ቢጨምር የታችኛው 19 ያህል የቀነሰ ጊዜ አለ። ይህ ከንቱ ነገር ነው፤ ከላይ ሙላት ስለ ገባ ከታች የሚደርቅ ወንዝ የለም። መድኃኒቱ እርምጃውን ማስረዘም ብቻ አይደለም፤ የ12 ሰዓቱን ክፍል ሁለት ሁለት ሰዓት ወደሚፈጁ ስድስት ክፍሎች መቈራረጥ ነው፤ ያን ጊዜ የአንድ ሰዓት እርምጃ ይስማማል። የጊዜው ቍራጭና የወንዙ ቍራጭ እንደ በሬ ቀንበር አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መንካት ሌላውን ያጣምማል።

አገር ገዥው ወይም ባለ እርሻው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ሊያሰላ አይጠበቅበትም። ወረቀቱ ሲቀርብለት ግን ሒሳቡ በስንት ሴኮንድ ወይም በስንት ሰዓት እርምጃ እንደ ተሠራ ይጠይቅ። መልሱ «በየሰዓቱ» የሆነ እንደ ሆነ፥ መኪናው ያሰላው በየሰዓቱ ነው ወይስ ያተመው በየሰዓቱ ነው ብሎ ይድገም፤ በየሴኮንዱ አስልቶ በየሰዓቱ የሚያትም ብዙ ነውና፥ ሁለቱን የማይለይ መልስ ሰጭ ሥራውን ራሱ አልሠራውም። በየሰዓቱ ሲታተምም የሙላቱ ጫፍ በሁለት ሰዓታት መካከል ወድቆ ከወረቀቱ ሊጠፋ ስለሚችል፥ ከፍተኛው ቍጥር ለብቻው እንዲጻፍ ይዘዝ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «እርምጃው በእኩሌታ ተቀንሶ ሒሳቡ ሁለተኛ ተሠርቷልን?» የሚለው ነው። በ60 ሴኮንድ የተገኘው ከፍታ በ30 ሴኮንድ ሲሠራ ጥቂት ጣት ብቻ የተለወጠ እንደ ሆነ ሒሳቡ በዚህ በኩል የታመነ ነው። አንድ ክንድ ወይም ከዚያ በላይ የተለወጠ እንደ ሆነ ግን ያ ከፍታ የወንዙ ከፍታ አይደለም፤ የእርምጃው ከፍታ ነው። ይህን ፈተና ያልያዘ ወረቀት እንዲመለስ ማዘዝ ለሹሙ ምንም ነውር የለበትም፤ ለመሐንዲሱም የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው።

በወረዳው በኩል ደግሞ መሐንዲሱ ሊሠራው የማይችል ሥራ አለ፤ እርሱም የወንዙ መዝገብ ነው። በድልድይ ዓምድ ላይ ወይም በወንዝ ዳር የተተከለውን የውኃ መለኪያ ጧትና ማታ እያየ የሚጽፍ ሰው፥ ለታላቅ ወንዝ በቂ ሥራ ይሠራል። ከተራራ ሥር በሚወርድ ደራሽ ወንዝ ዳር ያለው ግን በዚህ ልማድ ብቻ ቢቆይ፥ ሙላቱ በሌሊት መጥቶ በሌሊት አልፎ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዝቅተኛ ቍጥሮች ብቻ ይቀራሉ። ለእንደዚህ ያለው ቦታ በገዛ ራሱ እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ ይገባዋል። እርሱ እስኪገኝ ድረስ ሙላት በመጣ ጊዜ በየሩብ ሰዓቱ የሚጽፍ ሰው መመደብ፥ ይህም ባይሆን ውኃው ሲጐድል በግንብና በዛፍ ላይ የተወውን የጭቃ ምልክት በማግስቱ ለክቶ ማኖር ያስፈልጋል።

መዝገብ የሚጽፈው ሰው ከቍጥሩ አጠገብ ሰዓቱን ሲያኖር በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን ወይም በአውሮፓ ሰዓት ለይቶ ይጻፍ። ጧት 3 ሰዓት ብሎ ያሰበው ሰው 3 ብቻ ጽፎ ቢልከው፥ በሒሳብ መኪናው ውስጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ይነበባል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ለጣና ሐይቅ ይህ ምንም አይደለም። ሦስት ሰዓት ውስጥ መጥቶ ለሚያልፈው ደራሽ ውኃ ግን ዝናቡ ከመዝነቡ በፊት ወንዙ ሞልቶ አልፏል የሚል መዝገብ ይሆናል፤ መሐንዲሱም ይህን ለማስተካከል እርምጃውን ወደ አንድ ሴኮንድ ቢያወርደው አይረዳውም።